የሶም ፊቶችና የሲኒማ ትኬት

የፒተር ጃክሰን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘጋቢ ፊልም፣ «አያረጁም»፣ ከሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ብሪታንያውያን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከቤታቸው ሳይወጡ ያዩትን፣ አሜሪካውያን በዲሴምበር ለሁለት ቀን ብቻ ሲታይ ትኬት ገዝተው ተጋፉለት፤ በፌብሩዋሪ 2019 በሰፊው ተሠራጨ።

ብዙዎች ስኬቱን ለቀለሙ ይሰጡታል። እኔ ለፍጥነቱ እሰጠዋለሁ። በእጅ በሚዞር ካሜራ የተቀረጹት ወታደሮች መቶ ዓመት ሙሉ እንደ አሻንጉሊት ሲፈናጠሩ ኖረዋል። ባለሙያዎቹ የጎደሉትን ምስሎች በኮምፒውተር ሞልተው እርምጃቸውን የሰው እርምጃ አደረጉት፤ የከንፈር አንባቢዎችም ንግግራቸውን ለይተው አወጡ።

ከምስሎቹ አንዳንዶቹ ግን ቀድሞም ትኬት አሽጠዋል። በኦገስት 1916 የወጣው «የሶም ውጊያ» በስድስት ሳምንት ብቻ በብሪታንያ 20 ሚሊዮን ያህል ትኬት እንደተሸጠለት ይገመታል። ውጊያው ገና አላበቃም ነበርና፣ ከተመልካቹ መካከል የልጁን ወይም የወንድሙን ፊት ፍለጋ የሚገባው ብዙ ነበር።

ታዲያ አዳራሹን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠው፣ ወታደሮች ከምሽግ ሲወጡና ሲወድቁ የሚያሳየው ትዕይንት፣ ከግንባር ኋላ ተቀነባብሮ የተቀረጸ ነበር። እውነተኛውን ቅጽበት ካሜራ አልደረሰበትም። ጃክሰንም ጥቃቱ ዘንድ ሲደርስ፣ 100 ሰዓት ያህል የታደሰ ፊልም በእጁ እያለ፣ በጦርነቱ ዘመን መጽሔት የታተሙ ሥዕሎችን አሳየ።