ከተቆለፈ ገጽ ወደሚታረም ጽሑፍ፦ የፒዲኤፍና የአማርኛ ፊደል ታሪክ

በካምፕ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ይህን ችግር ሳያውቀው አይቀርም። መጽሐፉ በፍላሽ ተቀድቶ ይመጣል፤ ፋይሉ ፒዲኤፍ ነው። ሲከፈት ገጹ እንደታተመ መጽሐፍ ጥርት ብሎ ይታያል። መምህሩ የሚፈልገው ግን ከአንድ ምዕራፍ አሥር ጥያቄ አውጥቶ፣ ሁለቱን ቀይሮ፣ በአንድ ወረቀት አስጠግቶ ለክፍሉ ማባዛት ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ወርድ ላይ ሲለጥፈው የአማርኛው ፊደል ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ቁጭ ብሎ እንደገና መተየብ ነው፤ ያውም መብራት ካለ። ጥፋቱ ግን የመምህሩ አይደለም። ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ የትኛው ፋይል በቀላሉ እንደሚፈታ፣ የትኛው ጊዜ እንደሚበላ ቀድሞ መለየት ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አዶቢ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 አቋቋሙ። ስማቸው መጀመሪያ የታወቀው ፖስትስክሪፕት በሚባል ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ የተሠራው ለፕሪንተር ትእዛዝ ለመስጠት ነበር፤ «ይህን ፊደል እዚህ ነጥብ ላይ አሳርፍ፤ ይህን መስመር ከዚህ እስከዚያ አስምር» ይላል። በ1985 የወጣው የአፕል ሌዘር ፕሪንተር ይህን ቋንቋ በመጠቀሙ በየቢሮው ጥሩ ኅትመት ማውጣት ተቻለ። ይሁንና አንድ ችግር ቀረ። በአንድ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ሰነድ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ፎንቱ ይጠፋል፣ መስመሩ ይሰበራል፣ ገጹ ይዛነፋል። ዋርኖክ በ1991 «ካሜሎት» ብሎ በሰየመው ዕቅድ ያሰበው ይህንኑ ለመፍታት ነው፤ ሰነዱ የትም ቢከፈት እንደታተመ ወረቀት ሳይነቃነቅ እንዲታይ። ፒዲኤፍ በ1993 ወጣ። መጀመሪያ ላይ ማንበቢያው ራሱ በገንዘብ ይሸጥ ስለነበር ብዙም አልተስፋፋም፤ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ግን ዓለምን ሞላ። በ2008 ደግሞ አይኤስኦ ዓለም አቀፍ ደረጃ አድርጎ ተቀበለው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፒዲኤፍ ከመነሻው የተሠራው እንዳይነካ ነው። ውስጡ ቢታይ አንቀጽ የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል። ያለው የፊደል ቅርጽና የቦታ ቁጥር ነው፤ ቦታው የሚለካው ከገጹ ግራ የታችኛው ጥግ ተነስቶ ነው፤ አንድ ኢንች በ72 ይከፈላል። እኛ ሰንጠረዥ ብለን የምናየው ለፋይሉ ጥቂት መስመሮችና በመካከላቸው የተበተኑ ቁጥሮች ናቸው። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት እንኳ አንዳንዴ ጨርሶ አይመዘገብም፤ ቀጣዩ ፊደል ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ በቃ። ስለዚህ ፒዲኤፍን ወደ ወርድ የሚለውጥ ፕሮግራም የሚሠራው የግምት ሥራ ነው፤ «እነዚህ ፊደሎች ተጠጋግተዋልና አንድ ቃል ናቸው፤ ይህ መስመር ገባ ብሏልና አዲስ አንቀጽ ነው» እያለ ይገምታል። (በነገራችን ላይ አባቶቻችን በየቃሉ መካከል ያደርጉት የነበረው ሁለት ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ክፍተት ይጠፋል፤ ሁለት ነጥብ ግን እንደ ፊደል ስለሚቆጠር ቃላቱ አይጣበቁም።)

ወደ ፒዲኤፍ መግባቱ ቀላል፣ መውጣቱ ከባድ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ኦፕን ኦፊስ በ2003 ማንኛውንም ጽሑፍ በአንድ ቁልፍ ፒዲኤፍ ማድረግ ጀመረ። መልሶ መክፈት የሚያስችለው ተጨማሪ ፕሮግራም የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ገጹን የሚከፍተው በሥዕል መሥሪያው ሲሆን እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው ይቆራረጥ ነበር። ማይክሮሶፍት ወርድ ፒዲኤፍን በቀጥታ ከፍቶ ወደሚታረም ጽሑፍ መለወጥ የጀመረው በ2013 እትሙ ነው።

ይህ ሁሉ የሁሉም ቋንቋ ችግር ነው። በአማርኛ ላይ ግን ሌላ ተጨመረበት። የድሮ ፎንቶች ለፊደል የነበራቸው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። የኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7 ብቻውን 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ አማርኛን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ባለሙያዎች ዘዴ ፈጠሩ። በላቲን ፊደላት ቦታ የአማርኛ ቅርጽ አስገቡ። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ ደግሞ የግዕዙን ቅርጽ አስቀምጦ የካዕቡንና የሳልሱን ቅጥያ ከላዩ ይደርብበት ነበር። ሊደነቁ ይገባል፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም የፈተና ወረቀቱም የታተመው በእነሱ ብልሃት ነው። ጉዳቱ ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አደራደር ስለነበራቸው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መሆኑን ብቻ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ልብሱ የተገፈፈ ያህል የላቲን ፊደሉ ብቅ ይላል።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ፎንት «ሀ» ናት። ሆኖም ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ናይላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ከነኪቦርዱ ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው በ2007 ነው። ዩኒኮድ ከጸደቀም በኋላ ብዙ ማተሚያ ቤትና ቢሮ በለመደው ፎንት ቀጠለ። በእነዚያ ዓመታት የተዘጋጁ መጻሕፍት ናቸው እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያሉት የማይታዘዙ ፋይሎች።

ፋይሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቃል ኮፒ አድርጋችሁ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፉ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፤ የሚቀረው የመስመርና የሰንጠረዥ ማስተካከል ነው። የላቲን ምልክት ከመጣ የድሮ ፎንት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጽሑፉን ብቻ ነጥሎ ይለጥፋል። ይህን ካደረጋችሁ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ በሁለት ፎንት በተከፈለ ጽሑፍ ደግሞ አንዱ ምልክት ሁለት የተለያዩ ፊደሎችን ሊወክል ስለሚችል ማንም ሊፈታው አይችልም። ከነፎንቱ ለጥፉት፤ የፎንቱን ስም መዝግቡ፤ ከዚያ ያንን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ ፕሮግራም ተጠቀሙ። አንዳንዴ ፒዲኤፉ ሲዘጋጅ የፊደሉ መለያ ራሱ ሳይገባ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እንደ ፎቶግራፍ ከመቁጠር በቀር መንገድ የለም።

ጨርሶ ኮፒ አልሆን ያለው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ስካን ተደርጎ የገባ ሥዕል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ፊደልን በዓይነ ቅርጹ የሚለይ ፕሮግራም ነው። ቴሰራክት የሚባለውን ኤችፒ ኩባንያ በ1985 ጀምሮት በኋላ ለዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ2005 በነጻ ለሕዝብ ተለቀቀ። በ2018 የወጣው አራተኛው እትም አማርኛንም ያነባል፤ አንዴ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት ከአናታቸው ባለች ትንሽ ጭረት ስለሆነ ስካኑ ደብዛዛ ከሆነ ይምታቱበታል። ኮፒ በተደጋገመበት ወረቀት ላይማ ጭረቷ ራሷ የለችም።

ኢንተርኔት ላይ ፋይል ተቀብለው የሚለውጡ ገጾችም አሉ። ለመማሪያ መጽሐፍ ችግር የለውም። የተማሪ ስም፣ የምዝገባ ቁጥር ወይም የቤተሰብ ሁኔታ ያለበትን ወረቀት ግን እዚያ አትላኩ፤ ፋይሉ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ አይታይም።

የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ደግሞ የተለወጠውን ጽሑፍ ከማባዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ከዋናው ገጽ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ለፒዲኤፍ ክፍልፋይ ማለት ሁለት ቁጥርና በመካከላቸው ያለ ጭረት ነው፤ ጭረቷ ስትወድቅ ሦስት አራተኛ 34 ይሆናል። አሥር ካሬም ከፍ ብላ የተቀመጠችው ትንሿ 2 ስትወርድ 102 ሆኖ ይመጣል፤ ወርድም ስህተት ነው ብሎ ቀይ አያሰምርበትም።