የተበተነው ወረቀት በደሴ ይሰብሰብ

የደሴው ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ንቅናቄ ብዙ ሰው ሰጥቷል። ዛሬም ድረስ ሀገር የሚያከራክረውን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ያወጣው ዋለልኝ መኮንን እዚያ ተምሯል። ብርሃነ መስቀል ረዳም የዚያው ቤት ልጅ ነበር። የሰዎቹ ስም በመጻሕፍት ሰፍሯል። በየሰልፉ የተበተነው ወረቀት ግን ለአንድ ቀን የተሠራ ነበርና እየጠፋ ነው።

ወረቀቱ እንዴት ይዘጋጅ እንደነበር ማወቅ ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፉ በታይፕ የሚመታው ሰም በተቀባ ስቴንስል ላይ ነው። የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳል፤ ስቴንስሉ በማባዣው ላይ ይጠመጠማል፤ ቀለሙም በተበሳው በኩል ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ጫፏ የተሸረፈች አንዲት «ለ» በሁለት ወረቀቶች ላይ ከታየች፣ ሁለቱም ከአንድ ታይፕ ሳይወጡ አይቀሩም። እንደገና የተጻፈ ቅጂ ይህን አይነግረንም። ዋናው የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊም ኢትዮጵያውያን እኩልነትን ጠይቀው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋልዶ በሚኖርባት ደሴ የዚያን ሰልፍ ወረቀት ሠንዱቅ ውስጥ ያቆየ ቤተሰብ ካለ፣ ትልቅ ቅርስ ይዟል።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። የኢሕአፓን ልሳን «ዴሞክራሲያ»ን ይዞ መገኘት ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ። እናቶች የልጆቻቸውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመሩ፤ ልጅ ለማትረፍ ነውና የሚወቅሳቸው አይኑር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የከተማዋ ሙዚየም ተዘረፈ።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 በዋሽንግተኑ የጥቁሮች መብት ሰልፍ የተያዙ መፈክሮችን በሙዚየም አኑረዋል። እኛም ስድስት ኪሎ ሰነድ የሚያኖር የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለን። ነገር ግን የወሎ ወረቀት ወሎ ውስጥም መነበብ አለበት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ አለውና ይህን ሥራ ቢጀምር ያምርበታል።

ወረቀቱ ያላችሁ በፕላስቲክ አታሽጉት፤ የዛገ ስቴፕል ካለበት በቀስታ አውጡለት፤ ከፀሐይና ከርጥበት አርቁት። ማን እንደሰጣችሁ፣ የትና መቼ እንደተበተነ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ፎቶውንም አንሥታችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ። ያን ዘመን ያዩ አባትና እናት አጠገባችሁ ካሉ፣ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።