መጽሐፍ የመሰብሰብ ደስታ በሐይቅ እስጢፋኖስ



ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚናገር ሰው ከየት እንደሚጀምር አስቀድሞ ይታወቃል። ኢየሱስ ሞዓን ያነሣል፤ ቀጥሎም ይኩኖ አምላክን፣ የ1270ውን የሥርወ መንግሥት ለውጥ፣ የገዳሙ አበምኔቶች በቤተ መንግሥት የያዙትን የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግ ይተርካል። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተሙት ጥናት ይህን መንገድ ጠርጎልናል፤ እኔም በዚሁ መንገድ የተማርሁ ነኝ። ዛሬ ግን ከመንገዱ ዳር ስለ ቀረ አንድ ነገር ልናገር እወዳለሁ፤ ይኸውም መጽሐፍ የመሰብሰብ ደስታ ነው። ደስታ የታሪክ ማስረጃ ይሆናልን? የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሣ እገምታለሁ። ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የሚታይበትን ስፍራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገዳሙ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘ መሬት ላይ ይገኛል። ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከመነኰሰ በኋላ ወደዚህ መጥቶ ከ1248 ጀምሮ በ1292 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ገዳሙን መርቷል። በእርሱ ዘመን፣ በ1280 ወይም በ1281፣ የተጻፈ አንድ ወንጌል አለ። ተመራማሪዎች በማይክሮፊልም ቍጥሩ 1832 ብለው ይጠሩታል። በዚህ ወንጌል ውስጥ የኢየሱስ ሞዓ የራሱ ሥዕል አለ፤ መጽሐፉን ለገዳሙ መስጠቱን የሚመሰክር ጽሑፍ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ደግሞ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። የዚህን ቤተ መጻሕፍት ነገር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ለብቻው አጥንተውታል።

ዝርዝር ደረቅ ጽሑፍ ይመስላል። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ዘልለውት ወደ ገድሉ ይሄዳሉ፤ ገድል ይተርካል፣ ዝርዝር አይተርክምና። እኔ ግን ገድሉን ከዝርዝሩ ኋላ ማስቀመጥ እመርጣለሁ። ገድሉ ከሰውዬው ዘመን በጣም ዘግይቶ የተጻፈ ነው፤ ዝርዝሩ ግን የተጻፈው መጻሕፍቱን በዓይናቸው ባዩ፣ በእጃቸው በዳሰሱ ሰዎች ዘመን ነው። የራሴ የምለው ነገር እንዳይኖረኝ ብሎ የመነኰሰ ሰው በሚመራው ቤት ውስጥ ይህ አለን፣ ይህም አለን፣ ይህም ደግሞ አለን እያለ የሚቆጥር ጽሑፍ ስናገኝ ቆም ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

የሕግ ታሪክ የሚያጠኑ ባልደረቦቼ መልሱ ቀላል ነው ይሉኛል። ወንጌል በአገራችን መዝገብ ቤትም ነበረ፤ የርስት፣ የስጦታና የንብረት ነገር በወንጌል ቅጠል ላይ የሚጻፈው ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀው፣ የሰረቀውና የፋቀውም በውግዘት እንዲታሰር ነው። እውነታቸውን ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ዝርዝሩ ለምን በወንጌል ላይ እንደ ተጻፈ ያስረዳል እንጂ መጻሕፍቱ ለምን ያን ያህል እንደ ተሰበሰቡ አያስረዳም። ለቅዳሴና ለሰዓታት የሚበቃ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከግድ አልፎ የመጣ ነው።

በዚያ ዘመን መሰብሰብ ማለት መግዛት እንዳልነበረም እናስታውስ። መጽሐፍ የሚፈልግ ገዳም መጀመሪያ የሚቀዳበት ናሙና ያለውን ደብር ማወቅ፣ አማላጅ ልኮ መዋስ ወይም ጸሐፊውን ወደዚያ መላክ ነበረበት። ከአንድ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ መንጋ ያልቃል። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጣል። በዝርዝሩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ሆኖ የምናየው የመጽሐፍ ስም ይህን ሁሉ በውስጡ ይዟል። እንግዲህ ስሞቹን የደረደረው እጅ ምን ይሰማው እንደነበረ መገመት ከባድ አይመስለኝም።

ከኢየሱስ ሞዓ በኋላ የመጡትም ልማዱን አልተዉም። በአበምኔቱ በክርስቶስ ተስፋነ ስም የሚታወቀው ባለ ሥዕል ወንጌል የ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሥራ ነው፤ ዛሬ ያለው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ድርሳናትና ገድለ ሰማዕታትም ከዚያው ገዳም ተገኝተዋል። ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ መነኰሳት በሐይቅ ተምረው በየአገሩ ገዳም ሲመሠርቱ መጽሐፍ የማስጻፍንና የማስቀመጥን ልማድም አብረው ሳይዙ አልወጡም ብዬ እገምታለሁ።

የመሰብሰብ ደስታ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው እያልሁ እንዳይመስላችሁ። ሌላውን ገጽታውን ለማየት ከአምባሰል ወደ ምዕራብ ብዙ መራቅ አያስፈልግም፤ መቅደላ ጎረቤት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን 1,000 ያህል ብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የተወሰዱ ናቸው። ንጉሡ መጽሐፍ ወዳድ እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ የጎንደር ካህናት ግን በዚህ ስብስብ ደስ እንዳላቸው የሚናገር አላገኘሁም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ እንደ ወጣ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ጨረታ ተደረገ፤ 350 ያህል መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የለንደኖቹ ሊቃውንትም በበኩላቸው ደስ ብሏቸው ዝርዝር አወጡ። በሐይቁ ዝርዝርና በለንደኑ ዝርዝር መካከል ያለው ልዩነት በደስታው መጠን ሳይሆን ዋጋውን በከፈለው ሰው ማንነት ላይ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ አካል ልግባ። የአገራችን ብራና መጽሐፍ ገበታው እንጨት ነው፤ በላዩ ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳውም በማተሚያ ብረት ይደጎሳል። ቆዳው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በገበታው ውስጠኛ ገጽ መካከል ባዶ እንጨት ይቀራል። በዚህ ባዶ ስፍራ ላይ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፋል። ጨርቁ ከሕንድ የመጣ ባለ አበባ ጥጥ፣ ከግብፅ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ሐር፣ ሌላም ሌላም ይሆናል። አልፎ አልፎ ከጨርቁ ይልቅ ትንሽ መስታወት የተቀበረበት ዳዊት አይቻለሁ። ሥዕል ባለበት ቅጠል ላይም ቀጭን ጨርቅ እንደ መጋረጃ ይሰፋል። ይህ ሁሉ ለንባብ አያስፈልግም። ቀሚስ ወይም መጐናጸፊያ ሲያረጅ የተረፈውን ቁራጭ ለመጽሐፍ የመረጠ ሰው ነበረ፤ ምናልባትም ቁራጩን ለዓመታት አስቀምጦት ነበር። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እንደገና ስለሚጠረዝ ጨርቁ ከጽሑፉ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ለእኔ ጉድለት አይደለም፤ ጨርቁ የሚነግረን ስለ ጸሐፊው ሳይሆን መጽሐፉን ወርሶ ስለ ወደደው ሰው ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ ብርድ ልብስ የመስፋት ጥበብ አለ። የዚህን ጥበብ መጻሕፍትና መጽሔቶች የሚሰበስቡ ብዙ ሴቶች አሉ፤ በዕድሜያቸው ሁሉ ሰፍተው የማይጨርሱትን ንድፍ በመደርደሪያ ያከማቻሉ። ይህን በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ሣቅሁ። ቆይቼ ግን የገዛ መደርደሪያዬን አየሁና ዝም አልሁ። አንብቤ የማልጨርሰውን ያከማቸሁ እኔም ነኝና። ልሠራው እችላለሁ፣ ላነበው እችላለሁ የሚለው ስሜት ራሱ ደስታ ነው፤ የሐይቅ መነኰስም ከዚህ የተለየ ሰው አልነበረም።

ይህ ነገር ለጥናታችን አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። ከ1973 እስከ 1994 በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል ብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ካታሎግ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ማድረግ አልችልም ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ጽሑፉን አድኖልናል፤ የጨርቁን ቀለም አላዳነም። ገዳሙ ለሴቶች የተከለከለ ስለሆነ ከእናንተ መካከል ግማሾቻችሁ እነዚህን መጻሕፍት በስፍራቸው ልታዩ አትችሉም፤ በፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር። ጨርቁ ደግሞ በብል ይበላል፤ ሲጠረዝ ተነቅሎ ይጣላል። አባቶችን አስፈቅዶ ወደ ዕቃ ቤት የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ቅጠል ከማንሣቱ በፊት ገበታውን በውስጥም በውጭም፣ ማኅደሩንም ከነማንገቻው በቀለም እንዲያነሣ እለምናለሁ። መግለጫ ስትጽፉም «ጨርቅ አለው» ብላችሁ አትለፉ፤ ቀለሙን፣ ሽመናውን፣ መጠኑን፣ በስፌት ወይም በማጣበቂያ መያዙን ጻፉ።

ቅጠሎቹንም ተመልከቱ። ቆዳው ሲፋቅ ወይም ሲወጠር የተቀደደበት ስፍራ በክር ይሰፋል፤ ይህም ከመጻፉ በፊት ነው። ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ቃሉን ከስፌቱ በፊት ያቆማል፣ ከስፌቱ ማዶ ይቀጥላል፤ አንባቢም ዓይኑን አሻግሮ ያነብባል።