ቀንድ አውጣው ምን ይበላል? የእንዶድ ታሪክ

የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ወገኖቻችን፣ የዛሬውን ትምህርት በአንድ ጥያቄ እንጀምር።

በደንዲ ወይም በወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ውሃ ውስጥ የበቀለ ቅጠል በእጃችሁ ዳስሳችሁ ታውቃላችሁ? ያሟልጫል። የሚያሟልጨው በቅጠሉ ላይ የተለጠፈ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሊቃውንት አልጌ ይሉታል። አበባ የለውም፤ ነገር ግን እንደ አዝመራችን ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ጎርፍ ከማሳ ማዳበሪያ ጠርጎ ውሃ ውስጥ ሲጨምር ይበዛል።

ታዲያ ይህን አልጌ ማን ይበላዋል? ቀንድ አውጣ ነው። ቅጠሉን እየፋቀ ይበላል፤ እዚያው እንቁላሉን ይጥላል። አልጌው ሲበዛ ቀንድ አውጣውም ይበዛል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንዳንዱ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያን ትል በሆዱ ያሳድጋል። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰውየው ደም ይቀላቅለዋል፤ ቆይቶም ሆዱ ሊነፋ ይችላል። ከዚያ ሰው ዓይነ ምድር ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ሲገባ፣ ተፈልፍሎ ወደ ቀንድ አውጣው ይመለሳል። ትሉ የደጋ ብርድ አይስማማውም። እንደ ዝዋይና እንደ ጣና ዳርቻ ሞቅ ባለ አገር ግን ብዙ ሰው ጎድቷል።

ትሉን በ1851 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካይሮ ላይ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። የበሽታው ስም ከእርሱ ስም መጣ።

በ1964 ደግሞ የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ ከማጠቢያው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድን በአምቦ አካባቢ ሃንዶዴ እንለዋለን። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ሸማ ሲያነጡበት ኖረዋል። ዶክተሩ መረመሩት፤ በእርግጥም ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ ነበር። ዓሣም ስለሚገድል ግን እንዲሁ በዘፈቀደ ውሃ ውስጥ አይጨመርም።

ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። ነገር ግን የዳነ ሰው ወደዚያው ውሃ ከገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ በሴኔጋል አገር ተመራማሪዎች ሰው ከሚወርድበት ዳርቻ የውሃውን ተክል አጨዱ። ቀንድ አውጣው ቀነሰ፤ በትሉ የሚያዙ ልጆችም ቀነሱ። የታጨደው ለከብት መኖና ለማዳበሪያ ሆነ። ይህ ጥናት በ2023 ታትሟል።

እንግዲህ ሦስት ነገር እንያዝ። በሽታው ባለበት አገር ልጆች ውሃ ውስጥ አይዋኙ። በመጸዳጃ ቤት እንጠቀም። ደም ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና እነዚህን ቃላት ጻፉ፦ አልጌ፣ ቀንድ አውጣ፣ እንዶድ። ከጻፋችሁ በኋላ ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ደህና ሁኑ።