የቦዳው ልጅ የማን ነው?

በየዓመቱ ነሐሴ 11 ሲመጣ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ፎቶ በየገጹ ይለጠፋል። ብዙም ሳይቆይ ከፎቶው ሥር ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ «የኦሮሞ ልጅ ነው፣ የአያቱን ስም ቀዌሳን አትደብቁ» ይላል። ሌላው «የአማርኛ ንጉሥ ነው፣ ዘር አትቁጠሩበት» ይላል። ሦስተኛው መጥቶ ሁለቱንም ይሰድባል። በዚህ ሁሉ መካከል ከሥራዎቹ ስለ አንዱ የሚያወራ ሰው ማግኘት ይቸግራል። እስቲ ዛሬ ረጋ ብለን ስለ ሰውየው እንነጋገር።

ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ ውስጥ ነው። ቀኑን ልብ በሉት። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ገና ሦስት ወር ቢሆናት ነው። አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን ነበር፤ ጸጋዬ የተወለደው እሳቸው በሞቱ በ19ኛው ቀን ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ይኸው ልጅ የጳጳሱን የመጨረሻ ሰዓት «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» በሚል ተውኔት ጻፈው።

አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። ሁለት ቋንቋ እየሰማ አደገ፤ ከቤተ ክርስቲያን ግዕዝን፣ ከአምቦ ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛን ጨመረ። ያኔ አምቦ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት እንደታየ ይነገራል። ኋላ ሕግ ቢማርም ልቡ ከቴአትር አልወጣም። በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ለንደንና ፓሪስ ሄዶ ቴአትር አጠና፤ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የያኔውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፣ በኃላፊነት መራ።

ሥራውን በቁጥር ብቻ አንለካውም። ሼክስፒርን በአማርኛ አናገረው፤ «ሐምሌት» እና «ኦቴሎ» ከመድረክ አልፈው በመጽሐፍ ታትመዋል። «እሳት ወይ አበባ» የተባለው የግጥም መጽሐፉ ለአማርኛ ግጥም አዲስ ልክ አመጣ። በተለመደው ወል ቤት እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ሲኖረው የእሱ ስምንት ነው። ምሁራኑም ስሙን ሰጥተው «ጸጋዬ ቤት» አሉት። የግጥም ልክ በስሙ የሚጠራለት ገጣሚ በየዘመኑ አይገኝም። በሠላሳ ዓመቱ ገደማም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ።

መንግሥታት ግን አልተመቹትም። ተውኔቶቹ በሳንሱር ሲቆረጡና ሲታገዱ ኖሩ፤ በደርግ ጊዜም ታሰረ። ቢሆንም መጻፉን አልተወም። ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ግጥሙን የጻፈውም እሱ ነው። በመጨረሻ ኩላሊቱ ታሞ ለሕክምና አሜሪካ ገባ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አረፈ፤ አስከሬኑም መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ እንመለስ።

«ኦሮሞ ሆኖ ሳለ ለምን በአማርኛ ብቻ ጻፈ?» የሚለው ጥያቄ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በዚያ ዘመን አፋን ኦሮሞ ከትምህርት ቤትም ከማተሚያ ቤትም የተገፋ ቋንቋ ነበር። ይህን በደል ክዶ ስለ ጸጋዬ ማውራት አይቻልም። ግን ሰውየው ሥሩን ረስቷልን? እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመውን የእንግሊዝኛ ተውኔቱን ርእስ ተመልከቱ፤ በኦዳ ዛፍ ስም የተሰየመ ነው። አባቶች የሚሰበሰቡበትን፣ ሕግ የሚወጣበትን ዛፍ ለዓለም አንባቢ ያስተዋወቀው ያ «በአማርኛ ብቻ ጻፈ» የሚባለው ሰው ነው። «ዘሩን አታንሡ» የሚሉትም ይህን ተውኔት ሲያነሡ አይሰማም፤ ኦዳውን ቆርጠው ቅጠሉን ብቻ ይፈልጋሉ።

የሌላ አገር ምሳሌ ልጨምር። ኖርዌይ ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ በዴንማርክ ሥር ኖራለች። ታላቁ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን የጻፈው ከዴንማርክ ቋንቋ እምብዛም በማይለይ የጽሕፈት ቋንቋ ነው። «ፔር ጊንት» የተባለው ዝነኛ ሥራው በ1867 የታተመው ኮፐንሃገን ነው። ከዚያም በላይ 27 ዓመት ያህል ከአገሩ ውጭ ኖሯል። ኖርዌጂያውያን በቋንቋ ጉዳይ ያልተከራከሩ እንዳይመስላችሁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀዋል፣ ዛሬም ሁለት የጽሕፈት ቋንቋ አላቸው። ኢብሰንን ግን ለሁለት አልከፈሉትም። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ያነቡታል፣ ቴአትር ቤቶቻቸው ያሳዩታል፣ ያደገበትን ቤት ሙዚየም አድርገውታል።

ከአዲስ ዓለም ተነሥታችሁ በጊንጪ አልፋችሁ አምቦ ብትገቡ የምታገኙት ተማሪ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የሚማር ነው። ይህ መብቱ ነው፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን ይህ ልጅ በአገሩ ልጅ የተጻፈውን «እሳት ወይ አበባ» እንደ ልቡ ማንበብ ይቸግረዋል። ከጊንጪ አካባቢ ስለሚነሣው አዋሽ ጸጋዬ የገጠመውን ግጥም፣ ወንዙ ደጁ ሆኖ ሳለ፣ ላያውቀው ይችላል። የአዲስ አበባው ተማሪ በበኩሉ ስለ ጴጥሮስ ሰምቶ ስለ ኦዳው ተውኔት ሳይሰማ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል፤ ተውኔቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነዋ። ሁለቱም በስሙ ይጣላሉ፣ ሁለቱም ግማሹን አያውቁትም። እውነተኛው ኪሳራ ይህ ነው።

መፍትሔው ሐውልት ማቆም ብቻ አይደለም። ሐውልት ያቆመ ሁሉ አንባቢ አላፈራም። የአማርኛ ግጥሞቹና ተውኔቶቹ በጥሩ ተርጓሚ እጅ በአፋን ኦሮሞ ወጥተው እስከ ቦዳ ትምህርት ቤት ይድረሱ። የኦዳው ተውኔት በሁለቱም ቋንቋ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ይግባ፣ በአምቦም በአዲስ አበባም መድረክ ይታይ። ይህን ለመሥራት ከተርጓሚ፣ ከአሳታሚና ከዩኒቨርሲቲ ፈቃደኝነት በቀር ምንም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም።

እናንተም በሚመጣው ነሐሴ 11 ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ሥራውን አንብቡ። የቦዳው ልጅ የሚያነበው ሁሉ ነው። ያላነበበው ሰው፣ ዘመዱ ቢሆንም እንኳ፣ የእኔ ነው ለማለት አፉን ሞልቶ አይናገር።