እጅና አንደበቱ የደከመበትን ሕመምተኛ አእምሮ ስለ መመርመር፤ አጭር የታሪክ ጥናት

በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ ታላቅ ሊቅ የተናገረው ቃል ለብዙ ዘመን ሳይመረመር ሲነገር መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የአንቀሳቃሽ ነርቮች ሕመም ታሪክም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ በሽታ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ተነሥተው ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች እያጠፋ የሚሄድ ነው። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ብርጭቆ ማንሣት ወይም ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ቀጥሎ ንግግሩ ይኮላተፋል፤ መዋጥ ይቸግረዋል፤ በመጨረሻም የመተንፈሻው ጡንቻ ደክሞ ይሞታል። አብዛኞቹ ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ የሚኖሩት ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያህል ነው። ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ የሚነገረው ማጽናኛ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ሥጋው ቢደክምም አእምሮው እስከ መጨረሻው ደኅና ነው የሚል ነው። ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ቆየና በምን መሣሪያ እንደ ተፈተነ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ለይቶ ያስታወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ሻርኮ ይሠራበት የነበረው የፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል በሺሕ የሚቈጠሩ ድኾችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቦታ ስለ ነበረ፣ አንዱን ሕመምተኛ ለብዙ ዓመት ለመከታተል፣ ሲሞትም ሬሳውን ከፍቶ ለማየት ዕድል ሰጥቶታል። በ1869 ከባልደረባው ከዦፍሯ ጋር ሆኖ የኅብለ ሰረሰሩ የፊተኛው ክፍል ሕዋሳት መጥፋታቸውን ገለጠ፤ በ1874ም በሽታውን አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ ብሎ ሰየመው። የማሰብ ኃይል በዚህ በሽታ እንደማይነካም አስተማረ። በዚህ ሻርኮን መውቀስ አይገባም። ዓይኑ የተመለከተው ጡንቻንና ነርቭን ነው፤ አእምሮ የሚለካበት መሣሪያም በዘመኑ አልነበረም፤ የቢኔ የታወቀው የአእምሮ ፈተና እንኳ የወጣው ሻርኮ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ በ1905 ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉን ያቆየው የሻርኮ ክብር ብቻ አይደለም። በሽታው ዝናው በወጣ ሰው ላይ በወደቀ ቍጥር ቃሉ እንደገና የተረጋገጠ ይመስል ነበር። ሉ ጌሪግ የተባለው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች በ1939 በሽታው ታወቀበት፤ በ1941 ሞተ፤ አሜሪካውያንም እስከ ዛሬ በሽታውን በስሙ ይጠሩታል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ደግሞ በ1963 በ21 ዓመቱ ታሞ እስከ 2018 ድረስ በሕይወት ቈየ፤ እጁ መጻፍ ከተወ በኋላም ስለ ጠፈር የሚመራመርባቸውን ሥዕሎችና ስሌቶች በሐሳቡ ይሠራ ነበር። የሆኪንግ ታሪክ እውነት ነው፤ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ያውም ከሌሎቹ ሕመምተኞች እጅግ ረዝሞ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። እኔ እንደማስበው ሌላም ምክንያት አለ። ክንዱ የሰለለ ሰው ወደ ነርቭ ሐኪም ይሄድ ነበር፤ ጠባዩ የተለወጠ ሰው ግን ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ይወሰድ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ግማሽ ግማሹን ያዩ ነበር። በፕራግ የነበረው አርኖልድ ፒክ በ1892 የአንጎል የፊተኛውና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ክፍል ሲመነምን ንግግርና ጠባይ እንደሚበላሽ ሲጽፍ፣ ይህ ጉዳይ ከሻርኮ በሽታ ጋር ዝምድና ይኖረዋል ብሎ የጠረጠረ ብዙ ሰው አልነበረም።

የተለየ ነገር ያዩ ሰዎች ግን አልጠፉም። በፓሲፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በጓም ደሴት፣ በቻሞሮ ሕዝብ ዘንድ፣ ይኸው በሽታ እጅግ በዝቶ መገኘቱ በ1950ዎቹ ተጠና፤ በ1961ም ሂራኖና ጓደኞቹ በዚያው ሕዝብ መካከል መንቀጥቀጥና የአእምሮ መድከም አብረው የሚታዩበትን በሽታ ገለጡ። ነገሩ ግን የደሴቲቱ ልዩ ጠባይ ተደርጎ ተቈጠረ። በ1984 ጃፓናዊው ሚትሱያማ የአንቀሳቃሽ ነርቮች ሕመምና ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መድከም አብረው የታዩባቸውን 26 ሰዎች ታሪክ ሰብስቦ አሳተመ። በ1990 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ኒሪ፣ ስኖውደንና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጥምረት በራሳቸው ሕመምተኞች ላይ አሳዩ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «አእምሮ ይነካልን?» መሆኑ ቀርቶ «ስንቱን ሰው ይነካል?» ሆነ።

ይህን ለመቍጠር መለኪያ ያስፈልጋል፤ የታሪኩም ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። የሰው አእምሮ የሚፈተነው በእጁና በአንደበቱ አማካይነት ነው፤ በሽታው ደግሞ አስቀድሞ የሚወስደው እነዚህኑ ነው። በ1975 በፎልስቲንና በጓደኞቹ የወጣውን፣ በብዙ አገር የተሠራበትን ባለ 30 ነጥብ ፈተና ብንመለከት፣ ተፈታኙን ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ሥዕል ቅዳ፣ ወረቀት እጠፍ ይለዋል። እጁ የሰለለ ሰው አእምሮው ብሩህ ቢሆንም ነጥብ ያጣል። በሌላ በኩል ማቀድ፣ ራሱን መግዛት፣ ሐሳቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ያቃተው ሰው ቀኑንና ቦታውን አሳምሮ ሊናገር ስለሚችል ፈተናውን ያልፋል። ስለዚህ ይኸው አንድ ፈተና ደኅናውን ይጥላል፤ የታመመውን ያሳልፋል።

ከዚህ መውጫ ያገኘው አስተሳሰብ በጣም ቀላል ሒሳብ ነው። ተርስቶን የተባለው አሜሪካዊ በ1938 ካዘጋጃቸው ፈተናዎች አንዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ማፍለቅ ነበር። ይህ የአንጎልን የፊተኛ ክፍል በደንብ የሚፈትን ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተኮላተፈ ሰው ጥቂት ቃል ቢናገር ያነሰው ሐሳቡ ይሁን ምላሱ አይታወቅም። ሻሮን አብርሃምስና ባልደረቦቿ በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሕመምተኛው ቃላቱን ካፈለቀ በኋላ እነዚያኑ ቃላት እንዲያነብ ወይም እንዲገለብጥ አደረጉ። ለማንበብ የፈጀው ጊዜ ከተሰጠው ጊዜ ላይ ይቀነሳል፤ የቀረውም ለቃላቱ ቍጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በ60 ሴኮንድ 10 ቃል ተናገሩ እንበል። አንደኛው እነዚያኑ ቃላት ለማንበብ 40 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ለአንዱ ቃል ያሰበበት ጊዜ 2 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው በ10 ሴኮንድ ቢያነብ ግን ለአንዱ ቃል 5 ሴኮንድ አስቧል ማለት ነው። በቃላት ቍጥር እኩል የነበሩት ሰዎች በዚህ ሒሳብ ተለያዩ፤ የአንደኛው ድካም ከምላሱ፣ የሁለተኛው ግን ከሐሳቡ መሆኑ ታወቀ። ብዙ ውድ መኪና ከተሠራለት ከሌላው የአንጎል ምርመራ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ይህ የመቀነስ ስሌት ነው።

በ2005 ሪንግሆልዝና ጓደኞቹ 279 ሕመምተኞችን መርምረው ግማሽ ያህሉ የማሰብ ችሎታቸው በመጠኑም ቢሆን እንደ ተነካ፣ ከመቶው 15 ያህሉም ግልጽ የአእምሮ መድከም እንደ ነበረባቸው አስታወቁ። በሚከተለው ዓመት ቲዲፒ-43 የሚባለው ፕሮቲን በአንቀሳቃሽ ነርቮች ሕመምም፣ ፒክ ከገለጠው ዓይነት የአንጎል መመንመን በብዙዎቹ ላይም ተከማችቶ ተገኘ። በ2011 ደግሞ በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ የዘር ጕድለት ሁለቱንም በሽታዎች እንደሚያመጣ ታወቀ። የነርቭ ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሙ ለየብቻ የያዙት ግማሽ በዚህ ተገጣጠመ።

በተራ ክሊኒክ የሚያገለግል መመርመሪያ ግን ገና ያስፈልግ ነበር። አብርሃምስና ባልደረቦቿ በኤዲንብራ ያዘጋጁት፣ በ2014 የወጣውና በአጭሩ ኢካስ የሚባለው ፈተና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጠቅላላ ነጥቡ 136 ነው። ከዚህ ውስጥ 100ው በዚህ በሽታ በተለይ የሚነኩትን፣ ማለትም ቋንቋን፣ ቃል ማፍለቅንና ማቀድን ሲመዝን፣ 36ቱ የማስታወስንና በዓይን የመለየትን ችሎታ ይመዝናል። ሕመምተኛው እንደ አቅሙ በቃል ወይም በጽሑፍ ይመልሳል። ከዚያ ሌላ አስታማሚው ለብቻው ይጠየቃል፤ ግዴለሽ ሆኗልን? ለሰው ማዘን ትቷልን? ጣፋጭ ብቻ ይሻልን?

ይህ የመጨረሻው ክፍል ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ግን ብዙ ነገር የሚያርፈው በሱ ላይ ነው። ባሏ ክፉ ሆነብኝ ብላ የምታዝን ሚስት ጠባዩን የለወጠው በሽታው መሆኑን ብታውቅ ሐዘኗ ሌላ መልክ ይይዛል። ሕመምተኛው ራሱም የመተንፈሻ መሣሪያ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ፣ በሆዴ በኩል የመመገቢያ ቱቦ ይግባልኝ ወይስ አይግባልኝ፣ ንብረቴን ለማን ልናዘዝ የሚለውን የሚወስነው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በ2005 የወጣ የኦልኒና የጓደኞቹ ጥናት የአንጎላቸው የፊተኛ ክፍል የተነካባቸው ሕመምተኞች መሣሪያውንና ቱቦውን በሚገባ እንደማይጠቀሙና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር አሳይቷል። የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያም በ2016 ሐኪሞች የማሰብና የጠባይ ለውጥ መኖሩን ከመጀመሪያው እንዲጠይቁ አዟል። ሆኖም ነጥቡ ያነሰ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ መወሰን አይችልም ማለት አይደለም። ኢካስ የሚያጣራ እንጂ የሚፈርድ ፈተና አይደለም፤ ውጤቱም በዕድሜና በትምህርት መጠን ይለያያል።

በቋንቋም ይለያያል፤ ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነጥብ ተራ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛው ኢካስ በ«ኤስ» የሚጀምሩ ቃላትን፣ ቀጥሎም በ«ቲ» የሚጀምሩና አራት ፊደል ብቻ ያላቸውን ቃላት ይጠይቃል። የኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ አራት ፊደል ያለው የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው እጅግ ይረዝማል። «በሰ ጀምር» የተባለ ሰውም ከሰባቱ ቅርጾች የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ «ሰማይ» ይበል፣ ወይስ «ሲሳይ»ና «ሱሪ»ም ይቈጠሩለት? «ሥራ» ቢል ሐኪሙ በእሳቱ ሰ ይቀበለዋል ወይስ የንጉሡ ሠ ነው ብሎ ይሰርዝበታል? ፊደል ያልቈጠረውን ገበሬ ደግሞ በፊደል መጠየቅ ጨርሶ አይቻልም፤ በአንድ ደቂቃ የሚያውቃቸውን እንስሳት እንዲጠራ ማድረግ ይሻላል፤ የጠራቸውንም ሐኪሙ አንድ በአንድ እያለ እንዲደግምለት አድርጎ ሰዓቱን ይቀንስለታል።