የሳንካ ጥቆማ

ጀሞም ሆነ ጎፋ፣ መካኒሳም ሆነ ለቡ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ጨዋታው ተሸናፊ የሚከፍልበት ነው። አንዱ 2 ለ 1 ይመራል፣ ሰዓቱ 85ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል፣ ድንገት ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ተመሪው ደስታውን መደበቅ እያቃተው "ሃንግ አደረገ!" ይላል። መሪው "አልቋል፣ ክፈል" ይላል። የቤቱ ባለቤት ማሽኑን አጥፍቶ ያበራና ሒሳቡን ከሁለቱም ይጠይቃል። ማን ይክፈል ለሚለው የሰፈሩ ሕግ ብዙ ነው። ጥፋተኛው ቶኪዮ ወይም ዋርሶ የተቀመጠ አሳታሚ ሊሆን እንደሚችል ግን የሚያነሳ የለም።

እንዲህ ያለውን፣ ከፕሮግራሙ ከራሱ አጻጻፍ የሚመጣ እንከን ፈረንጆቹ "ቡግ" ይሉታል፤ ትንንሽ ነፍሳት እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የተባለ ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት እራት ተገኝታ መዝገብ ላይ የተለጠፈችበት ታሪክ የቃሉ መነሻ ተደርጎ ይተረካል። ታሪኩ እውነት ቢሆንም ቃሉ ከእሷ ይቀድማል። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ስለ ፈጠራዎቹ እንከን ሲያወራ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል።

አማርኛው ሳንካ ነው። "ነገሩ ሳንካ ገጠመው"፣ "ያለ ምንም ሳንካ ተጠናቀቀ" የምንለው ያው ሳንካ። አንድሮይድ ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው ለፕሮግራም ሠሪዎች በተዘጋጀው ማውጫ ውስጥ "የሳንካ ሪፖርት" የሚል ምርጫ ያገኛል። ሳንካው ጥሩ ነው፤ ሪፖርቱን ግን አልወደድኩትም። እዚህ ማቅረብ የፈለግሁት "የሳንካ ጥቆማ" የሚለውን ነው። ቅሬታ የከፋውን ሰው ስሜት ይናገራል፣ አቤቱታ ባለሥልጣንን ይማጸናል። ጥቆማ ግን ነገሩ የት እንዳለ ያመለክታል፤ ተቀባዩ ሄዶ ራሱ እንዲያገኘው። አሳታሚ የሚፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው።

በቅድሚያ ሳንካ ያልሆነውን መለየት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ተቀምጦ የነበረ ጨዋታ ቢበላሽ ሳንካ አይደለም። ብዙ እጅ ያስረጀው ጆይስቲክ ተጫዋቹን በራሱ ወደ ግራ ቢነዳው፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ኳሷ ብትዘል፣ አቧራ የጠጣ ማሽን ግሎ ቢጠፋ፣ እነዚህም የሌላ ሰው ጣጣ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ያንኑ ነገር በሌላ ማሽንና በሌላ ጆይስቲክ ሲያደርጉት ከተደገመ ሳንካ ነው። እዚህ ላይ የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆችን የሚበልጧቸው ጥቂት ናቸው። አንድ ጌም ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየተራ፣ በተለያየ እጅ ሲጫወቱት ይውላሉ። አሳታሚዎች ደመወዝ ከፍለው የሚያሠሩት ፍተሻ ከዚህ የሚለየው በየደረጃው ስለሚመዘገብ ነው።

የተጫዋች ድምፅ አሳታሚን አይነካም የሚል ካለ ኮናሚን ይመልከት። እኛ "ፔስ" እያልን ያደግንበትን የእግር ኳስ ጌም የሚያሳትመው ይህ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 "ኢፉትቦል 2022"ን በነፃ ለቀቀ። የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ አካላቸው እርስ በርስ የሚተላለፍ ሆኖ ተገኘ፤ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብርም ተጠቃሚዎች ክፉኛ ካወረዷቸው ጌሞች ተርታ ተሰለፈ። ኮናሚ ወዲያው ይቅርታ ሲጠይቅ የደረሱትን ችግሮች ለይቶ ጠቅሷል፦ የተጫዋቾቹን ፊትና እንቅስቃሴ፣ የኳሷን ጠባይ፣ በመሐል የሚገቡትን ትዕይንቶች። "አስጠሊታ ጌም" ከሚለው ጩኸት ውስጥ ለሥራ የሚሆነውን ነቅሶ ማውጣቱ ነው። ያም ሆኖ 1.0 የተባለው ስሪት የወጣው በሚያዝያ 2022 ነበር።

ኢፉትቦል ከመለቀቁ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2020፣ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት "ሳይበርፐንክ 2077"ን ሲያወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሳንካው ስለበዛ ሶኒ በቀናት ውስጥ ከመደብሩ አንስቶት ለገዙት ገንዘብ መልሷል። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው ከ6 ወር በኋላ ነው።

ጥቆማው ምን ይመስላል? "ጌማችሁ ሃንግ ያደርጋል፣ አስተካክሉ" የሚለው ተቀባዩን የትም አያደርሰውም። ለምሳሌ ያህል አንድ ልፍጠር፦ "ስሪት 1.20፣ ፕሌይስቴሽን 4። በሁለት ሰው ጨዋታ ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ ሦስት ተጫዋች በአንዴ ስቀይር ስክሪኑ ይደርቃል። 5 ጊዜ ሞክሬ 4ቱን ደርቋል። ሁለት ብቻ ስቀይር አይደርቅም።" ስድብ የለበትም፣ ምስጋናም የለበትም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ፕሮግራም ሠሪው ከሺህ መስመሮች መካከል የትኛውን መፈተሽ እንዳለበት የምትነግረው እሷ ናት። በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ቢታከልበት ደግሞ "እኛ ጋ አልታየም" የሚለውን መልስ ይቀንሳል። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም፤ ቁጥሩና ቅደም ተከተሉ ትክክል ይሁን።

አስቸጋሪው የሚላክለት ሰው ነው። በየሰፈሩ ከሚሠሩት ማሽኖች ብዙዎቹ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው የተሰበረ፣ ጌም ይጭናሉ። እንዲህ ያለ ማሽን እንዳይታገድ ከኢንተርኔት ይርቃል፣ ስለዚህ አፕዴት አይደርሰውም። ሌላው ዓለም ከተገላገለው ብዙ የቆየ ሳንካ ጀሞ ላይ ዛሬም ያስከፍላል። ክራኩ ራሱ የፕሮግራሙን አንጀት ስለሚነካ ሳንካው የአሳታሚው ይሁን የሰባሪው መለየትም አይቻልም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ መስጠቱን እንኳ ወደ ጎን ብንተው፣ ያልሸጠውን ዕቃ አስተካክል የሚባል አሳታሚ ጆሮ አይሰጥም። በሕጋዊ መንገድ ልግዛ የሚለውም ቢሆን የፕሌይስቴሽን መደብር ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ ስለማይሠራ በሌላ አገር ስም አካውንት ይከፍታል። ሲከፋው በየትኛው አገር ሸማችነቱ እንደሚያመለክት ያስቡት።

ዲስኩን ከሱቅ ለገዛ ሰው ግን ቅርብ መንገድ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ሻጩን ቀይርልኝ ወይም ገንዘቤን መልስ ብሎ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ሲገዙ ካልጠየቁ በኋላ አያገኙትም። ከስቲም የገዛም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ይህቺ የ2 ሰዓት ገደብ ግን ለአሳታሚ ታደላለች ባይ ነኝ። ክፉ ሳንካ 30ኛው ሰዓት ላይ ነው የሚጠብቀው።

እንደ "ኩኩሉ" እና "ገበጣ" ያሉት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሠራቸው ዓይነት የስልክ ጌሞች ከሆኑ ነገሩ ይቀላል። ፕሌይ ስቶር ላይ ከእያንዳንዱ ጌም ሥር የሠሪው ኢሜይል ተጽፏል። አንድ ኮከብ ሰጥቶ "አይሠራም" ብሎ ከመሄድ የስልኩን ሞዴል፣ የጌሙን ስሪትና የሚዘጋበትን ደረጃ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተቀባዩም የከተማችን ሰው ነውና እንግሊዝኛ መሰባበር አያስፈልግም።